ለሕፃናት የሚያዙ አነስተኛ ስጦታዎች አመራረጥ፤ ወደ ጊዳ አያናና ወደ ወለጋ ከተሞች ለሚጓዙ

ለመስክ ሥራ፣ ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ከሰው ቤት አለመግባቱ በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። በተለይም ለቤቱ ልጆች የሚያዝ ነገር፣ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም፣ የእንግዳው አክብሮት መግለጫ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ያለ ጥናት የተመረጠና ያለ አግባብ የተሰጠ ስጦታ ልጁን ከትምህርት ገበታው የሚያርቅ፣ ወላጁን የሚያሳፍርና በእኩዮች መካከል ቅሬታ የሚፈጥር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በመሆኑም ወደ ምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ በተለይም ወደ ጊዳ አያና ወረዳና ወደ ነቀምቴ ከተማ ለሥራ የሚንቀሳቀሱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በውጭ አገር ኖረው የትውልድ ቀያቸውን ለመጎብኘት የሚመለሱ ወገኖች፣ እንዲሁም የውጭ እንግዶችን የሚያስተናግዱ ኃላፊዎች በስጦታ አመራረጥና አሰጣጥ ረገድ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል። የነጥቦቹ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፤ ለልጅ የሚሰጥ ነገር ልጁን ከሚያሳድጉትና ከሚያስተምሩት ሰዎች ጋር በመመካከር የሚመረጥና በእነርሱ እጅ የሚያልፍ መሆን ይኖርበታል።

የአካባቢው ገጽታ

ጊዳ አያና በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ከዞኑ ዋና ከተማ ከነቀምቴ በስተሰሜን የሚገኝ ወረዳ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦና በባኮ በኩል በሚያልፈው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በከተማዋ የሚገኙት የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት፣ የወለጋ ሙዚየምና ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጎብኚዎችንና ተመራማሪዎችን ወደ አካባቢው ከሚስቡት መካከል ይጠቀሳሉ።

የወረዳው ሕዝብ በአብዛኛው በእርሻ ሥራ የሚተዳደር ሲሆን፣ ከነባሩ ነዋሪ በተጨማሪ በልዩ ልዩ ጊዜያት በሰፈራ የመጡ ወገኖችም ይኖሩበታል። በአካባቢው አፋን ኦሮሞ በስፋት የሚነገር ሲሆን፣ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆኑ ቤተሰቦችም አሉ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ክረምት ረዥምና ዝናቡም ብርቱ እንደመሆኑ፣ የገጠር ተማሪ ደብተሩን ከዝናብ ጠብቆ ትምህርት ቤት ማድረስ ራሱን የቻለ ችግር ይሆንበታል። የቋንቋውና የአየር ንብረቱ ሁኔታ በስጦታ ምርጫ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ ያላቸው በመሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ልማዱ ምን ያስተምራል

ለልጆች መስጠት በአገራችን ሥርዓት ያለው ተግባር ነው። ወንዶች ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ሙልሙል ዳቦ ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ልጃገረዶችም በዘመን መለወጫ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ደጅ ለደጅ ሲሄዱ እንዲሁ። በዚህ ልማድ ውስጥ ልጁ ተመጽዋች አይደለም። ዘፈኑን፣ አበባውንና ምርቃቱን ይሰጣል፤ በምላሹም ይቀበላል። የሚሰጠው ቤተሰብም ልጁን ያውቀዋል፤ የተሰጠው ነገርም ለቡድኑ ሁሉ የሚከፋፈል ነው።

ከዚህ ልማድ ሦስት መመዘኛዎችን ማውጣት ይቻላል። ስጦታው የልጁን ክብር የሚጠብቅ፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት የሚሰጥና ለጋራ የሚውል መሆን ይገባዋል። በመንገድ ዳር መኪና አቁሞ ለማያውቁት ልጅ ሳንቲም ወይም ከረሜላ መስጠት ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

ለነቀምቴ ልጆች ከሩቅ የመጣ መጽሐፍ

ከሩቅ አገር ለወለጋ ልጆች ከመጡት ነገሮች ሁሉ ዘላቂ ጥቅም የሰጠውን ለይቶ ለማየት የአካባቢው ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ያቀርባል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዶ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረና ትምህርቱን በስዊድን የቀጠለ ሰው ነበር። አስቴር ጋኖም በተመሳሳይ ሁኔታ ከባርነት ነፃ ወጥታ በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በሚገኘው ትምህርት ቤት ተምራለች።

ሁለቱ በመተባበር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ መጽሐፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 በምንኩሉ ታተመ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ አስቴር ከቃል የሰበሰበቻቸው የኦሮሞ ተረቶችና ሌሎች ሥነ ቃሎች ለዚህ ሥራ ዋነኛ ምንጭ ሆነዋል። ኦነሲሞስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲገባ በዚያ ያስተማረው በሕዝቡ ቋንቋ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ከባሕር ዳርቻ ድረስ ተጉዞ የመጣው ነገር በልጆቹ ዘንድ ዋጋ ያገኘው ከሩቅ በመምጣቱ አልነበረም። የራሳቸውን ቋንቋና የራሳቸውን ተረት ይዞ በመምጣቱና በመምህር እጅ በማለፉ ነው። ዛሬም ለአካባቢው ልጆች መጽሐፍ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «በምን ቋንቋ ያነባሉ?» የሚለውን ነው። በኦሮሚያ ክልል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ የሚጻፈውም በ1984 ዓ.ም በተወሰነው መሠረት በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ ነው። በመሆኑም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውድ መጽሐፍ ከሚወሰድ ይልቅ በቁቤ የተዘጋጁ የተረት መጻሕፍትን ገዝቶ መውሰድ የተሻለ ነው። ቤተሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነም የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መያዝ ይቻላል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር በስልክ መጠየቅ በቂ ነው።

አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጆች እንዲያገለግል ማድረግም ይቻላል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተሰኘው ድርጅት በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተ ሲሆን፣ ቆየት ብሎም በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ አስጀምሯል። የሁለቱም አሠራር መጽሐፉን ለአንድ ልጅ ከመስጠት ይልቅ ብዙ ልጆች እየተቀባበሉ እንዲያነቡት ማድረግ ነው።

በመንገድ ዳር መስጠት የሚያስከትለው ጉዳት

በአገሪቱ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች የሚጓዝ ሰው ልጆች እጃቸውን እያወዛወዙ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ መስማቱ የተለመደ ነው። ቃሉ የታሸገ ውኃ ንግድ ስም ሆኖ ቆይቶ የማንኛውም ባዶ የውኃ ጠርሙስ መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። ልጆቹ ጠርሙሱን የሚፈልጉት ውኃ ለመያዝና ለመሸጥ በመሆኑ ፍላጎታቸው እውነተኛ ነው። አደጋው ያለው በአሰጣጡ ላይ ነው። ከሚሮጥ መኪና መስኮት የተወረወረን ጠርሙስ ለማንሳት የሚሽቀዳደሙ ልጆች ከኋላ የሚመጣውን ተሽከርካሪ አያዩም። ጠርሙሱን ለመስጠት የሚፈልግ ተጓዥ በከተማ ወይም በመንደር ቆሞ ለአዋቂ ሰው ማስረከብ ይኖርበታል። የመንግሥት ተሽከርካሪ የሚያሽከረክር ሾፌርም ይህንኑ እንዲያከብር ከጉዞው በፊት ማሳሰቢያ ሊሰጠው ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት በዝግታ የሚመጣ ነው። ጎብኚ በሚበዛባቸው ስፍራዎች ስክሪፕቶ፣ ከረሜላና ገንዘብ በየጊዜው የሚቀበል ልጅ የመንገዱ ገቢ ከትምህርቱ የበለጠ ሆኖ ይታየዋል። ቤተሰቡም በተራው ልጁን በክፍለ ጊዜ ወደ መንገድ የሚልክበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ለትምህርት ይረዳል ተብሎ የተሰጠው ስክሪፕቶ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር ምክንያት ሆነ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት የደነገገ ሲሆን፣ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንንም ተቀብላለች። አነስተኛ ስጦታ የሚሰጥ ግለሰብም በዚሁ መንፈስ ሊመራ ይገባል።

ሊመረጡ የሚችሉ ስጦታዎች

ስጦታዎችን በዕድሜ ለይቶ ማየቱ ለምርጫ ያመቻል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ላልደረሱ ልጆች፦ ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት፣ ጠርዙ የለሰለሰ የእንጨት መጫወቻና ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ተስማሚ ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በአፍ ሊገባና ትንፋሽ ሊዘጋ የሚችል ትንንሽ ክፍል ያለው መጫወቻ ፈጽሞ አይሰጥም።

ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ደብተርን ከዝናብ የሚከላከል ውኃ የማያስገባ የትምህርት ቦርሳ ይጠቅማሉ። የመዝለያ ገመድ፣ የገበጣ መጫወቻ፣ የኢትዮጵያና የዓለም ካርታም በክፍል ደረጃ የሚያገለግሉ ናቸው። ኳስ የሚሰጥ ሰው መንፊያውንና መርፌውን አብሮ ማቅረብ አለበት፤ አለበለዚያ ኳሱ በተነፈሰበት ቀን አገልግሎቱ ያበቃል። መብራት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ አነስተኛ ፋኖስ ለማታ ጥናት ይረዳል።

ለአቅመ ሔዋን ለደረሱ ተማሪዎች፦ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ የሆነ ስጦታ ነው። የወር አበባ በመጣ ቁጥር ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎች ጉዳይ በአገራችን ትኩረት እንዲያገኝ ካደረጉት መካከል በመቀሌ ፋብሪካ አቋቁመው ይህንኑ ምርት የሚያቀርቡት ፍሬወይኒ መብራህቱ ይገኙበታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል። ስጦታው በሴት መምህርት በኩል፣ ከአጠቃቀም ትምህርት ጋር፣ ወንዶች ባልተገኙበት ሊሰጥ ይገባል። ለሁለቱም ጾታ መዝገበ ቃላትና የሒሳብ ማሽን ተፈላጊ ናቸው።

ዕቃው በተቻለ መጠን በነቀምቴ ወይም በወረዳው ከተማ ሱቆች ቢገዛ ይመረጣል። በዚህም የአካባቢው ነጋዴ ይጠቀማል፤ ዕቃው ሲያልቅ ወይም ሲሰበር መተካት ይቻላል፤ ልጁም ከጓደኞቹ የተለየ ነገር ስለማይዝ ለቅናት አይዳረግም።

ሊያዙ የማይገባቸው

መድኃኒት፣ ቫይታሚንን ጨምሮ፣ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ለልጅ አይሰጥም። የዱቄት ወተት ለጨቅላ ሕፃናት መውሰድም የእናት ጡት ወተትን የሚያስተጓጉልና ንጹሕ ውኃ በሌለበት ለተቅማጥ የሚያጋልጥ በመሆኑ አይመከርም። የዓለም ጤና ጉባኤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ያጸደቀው ደንብም የእናት ጡት ወተት ምትኮች አምራቾችና አከፋፋዮች ለእናቶች ናሙና እንዳያድሉ ይከለክላል። ክብ ትንንሽ ባትሪና ማግኔት ያላቸው መጫወቻዎች ሕፃን ከዋጣቸው ሕይወት የሚያጠፉ ናቸው። ከረሜላ የጥርስ ሕክምና እንደ ልብ በማይገኝበት አካባቢ ጥርስን ያበላሻል። የተቀዳደደ ልብስ መስጠት ደግሞ ተቀባዩን ማዋረድ ነው።

የመሣሪያ ቅርጽ ያላቸው መጫወቻዎች ለየትኛውም ልጅ ባይመረጡም፣ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ለተፈናቀለ ልጅ ግን ፈጽሞ ሊሰጡ አይገባም። እንዲሁም የፖለቲካ ድርጅት ወይም የሃይማኖት ምልክት ያለበትን ዕቃ፣ ቤተሰቡ እስካልጠየቀ ድረስ፣ መያዝ ተገቢ አይደለም።

በተፈናቃዮች መካከል

በመስከረም 2011 ዓ.ም በካማሺ ዞን አካባቢ በተከሰተው ግጭት የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወለጋ መግባታቸው ይታወሳል። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ጊዳ አያናንና ኪረሙን ጨምሮ በዞኑ ወረዳዎች በደረሱ ግጭቶች ልዩ ልዩ ብሔር ተወላጆች የሆኑ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ የልጆችም ትምህርት ተቋርጧል።

ወደ እንዲህ ዓይነት ስፍራ ለሥራ የሚሄድ ሠራተኛ ጥቂት ስጦታ ይዞ በሕፃናት መካከል መገኘቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ሃያ ደብተር ለመቶ ልጆች ማደል ሰማንያ ልጆችን ማሳዘን ነው። ስጦታው ለአንዱ ወገን ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ ከቀረም ወላጆች አድልዎ እንደተፈጸመ አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ ለግለሰብ ልጅ ከመስጠት ተቆጥቦ ለሁሉም የሚያገለግል ነገርን ለጊዜያዊ ትምህርት ቤቱ ማስረከብ ይሻላል።

ዓለም አቀፍ ልምዱም ይህንኑ ይደግፋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በአደጋ ጊዜ የሚያሠራጨው የትምህርት ቁሳቁስ ሣጥን ለአንድ መምህርና ለ40 ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የሣጥኑ ክዳን ቀለም ተቀብቶ ሰሌዳ ሆኖ ያገለግላል። በውስጡ የሚገኙት ዕቃዎች በየትኛውም አገር የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍትና መጫወቻዎች ግን ከዚያው ከሥፍራው ተገዝተው እንዲሟሉ ይደረጋል። አንድ መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ በሚሰበስበው መዋጮ ተመሳሳይ ዝግጅት ማድረግ አይሳነውም።

ለመንግሥት ሠራተኞች የሚበጁ ጥንቃቄዎች

በቁጥጥር፣ በኦዲት ወይም በምርመራ ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ የሚመረምረውን ተቋም ተማሪዎች በግሉ ከመሸለም መታቀብ ይኖርበታል። ቅን አሳብ ቢኖረውም የሥራውን ገለልተኛነት ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። በመሥሪያ ቤት ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ከሆነ በሰነድ ወጥቶ በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ገቢ መደረግና የወላጅና መምህር ኅብረት እንዲያውቀው መደረግ አለበት።

የወለጋ ቤተሰብ በበኩሉ እንግዳውን ባዶ እጁን መሸኘት አይወድም። ቡና፣ ማር ወይም ጭኮ ሊያቀርብ ይችላል። በማዕድ የቀረበውን አክብሮ መቅመስ የመልካም እንግዳ ተግባር ነው። ከተያዘው ጉዳይ ጋር በተያያዘ የሚሰጥን ጥቅም ግን የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በወንጀል የሚያስጠይቅ በመሆኑ ምክንያቱን በትሕትና አስረድቶ መመለስ ይገባል።

ፎቶግራፍን በሚመለከት፣ ስጦታ ሲቀበል የሚነሳ ልጅ ምስሉ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የወላጅ ፈቃድ ሳይገኝ ማንሳትም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛ ማሠራጨት አይገባም። በተለይ የተፈናቀሉ ልጆችን ማንነትና የሚገኙበትን ስፍራ የሚያሳይ ምስል ለደኅንነታቸው አስጊ ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ ለመነሳት ሲባል ስጦታን ቅድመ ሁኔታ ማድረግም ነውር ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ

ይኸው መርሕ ለሥራ ጉብኝት ወይም ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ያገለግላል። ለአስተናጋጁ ቤተሰብ ልጆች የገበጣ መጫወቻ ከአጨዋወት መመሪያው ጋር፣ አነስተኛ የስፌት ሥራ፣ የባሕል ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ወይም የኢትዮጵያ ተረቶች የተጻፉበት መጽሐፍ መያዝ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ከኅብረቱ ውጭ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ ቅቤ ያለበትን ምግብ፣ ጭኮንም ጨምሮ፣ ይዞ መሄድ በመግቢያ በር ላይ ያስወርሳል። የዝሆን ጥርስና የዱር እንስሳት ቆዳ፣ እንዲሁም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትና ሌሎች ቅርሶች ለስጦታ አይያዙም፤ ከአገር ማውጣታቸውም በሕግ ያስጠይቃል። ምግብ ነክ የሆነ ማንኛውም ነገር ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት ወላጁን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ኦቾሎኒን የመሰሉ ምግቦች ለአንዳንድ ልጆች ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያስከትላሉና።

ከጉዞ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ተጓዡ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራሱ ቢያቀርብ ከስሕተት ይድናል። የልጁን ወላጅ ወይም መምህር ጠይቄአለሁን? ዕቃው በልጁ ቋንቋ፣ ዕድሜና የአየር ንብረት የሚያገለግል ነውን? ለሁሉም ልጆች ይዳረሳልን፣ ካልተዳረሰስ በጋራ ሊጠቀሙበት ይችላሉን? ሲበላሽ በአካባቢው ሊጠገን ወይም ሊተካ ይችላልን? የሚሰጠው በማን እጅና በየትኛው ስፍራ ነው?

ለአምስቱም አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ዕቃውን ትቶ ጊዜን መስጠት ይቻላል። ወደ ክፍል ገብቶ ስለ ሙያው ለተማሪዎች የሚያስረዳ መሐንዲስ፣ ነርስ ወይም የግብርና ባለሙያ ለጊዳ አያና ልጆች ያለ አንዳች ወጪ ብዙ ነገር አድርጎ ይመለሳል። ልጆቹም በበኩላቸው ተረታቸውንና ዘፈናቸውን ያቀርቡለታል።